ለኢንጂነሪንግ ተማሪ የኮሌጅ ዝርዝር ስናወጣ፦ ሪች፣ ታርጌት፣ ሴፍቲ እና የቤታችን አቅም

ሜሪላንድ የሚኖሩ የብዙ ሐበሻ ቤተሰቦችን የኮሌጅ ዝርዝር አይቻለሁ። ይመሳሰላሉ። ከላይ ኤምአይቲ፣ ስታንፎርድ፣ ካርኔጊ ሜለን፣ ኮርኔልና ጆርጂያ ቴክ ይደረደራሉ። ከታች አንድ ስም ብቻ ይቀመጣል፦ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ። «እሱ እንኳ አይቀርም፣ ሴፍቲያችን ነው» ይባላል። ሴፍቲ የሚባለው መግባቱ የማያጠራጥር ቦታ ነው፤ ታርጌት ከልጁ ውጤት ጋር የሚመጣጠን፣ ሪች ደግሞ ለመግባት የሚከብድ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ለኢንጂነሪንግ ሴፍቲ አይደለም። ክላርክ ስኩል የሚባለው የኢንጂነሪንግ ክፍሉ የሚቀበለው ተማሪ ቁጥር የተገደበ ነው። ዩኒቨርሲቲው የተቀበለውን ልጅ ኢንጂነሪንጉ ላይቀበለው ይችላል። ያኔ ልጁ ሌተርስ ኤንድ ሳይንስስ ወደሚባለው ክፍል ይገባል። ካልኩለስንና ፊዚክስን የመሳሰሉ ኮርሶችን በሚፈለገው ውጤት ጨርሶ ለኢንጂነሪንግ እንደገና ማመልከት አለበት። የመቀበያ ደብዳቤው ግን «እንኳን ደስ አለህ» ስለሚል ቤቱ በእልልታ ይሞላል። የተቀበለው የትኛው ክፍል እንደሆነ የሚገልጸውን መስመር ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

እኔ ዝርዝር ሳይ የምመዝነው አንድን ሜጀር፣ ማለትም ልጁ የሚመረቅበትን የትምህርት ዘርፍ ነው። እሱንም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ለአንድ ቤተሰብ በሚያወጣው ዋጋ። «ጥሩ ትምህርት ቤት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። «ይሄ ትምህርት ቤት ለዚህች ልጅ፣ ለሜካኒካል ኢንጂነሪንግ፣ በእኛ ገቢ እንዴት ነው?» ሲባል ግን ዝርዝሩ መልክ ይይዛል።

እዚህ የምጽፈው ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ኖሯቸው አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል ለሚጨርሱ ልጆች ቤተሰቦች ነው። ከኢትዮጵያ ሆኖ በተማሪ ቪዛ የሚያመለክት ልጅ የገንዘብ እርዳታው ሕግ ስለሚለይበት ዝርዝሩም ሌላ መሆን አለበት።

መግቢያው በየት በኩል ነው?

ዩኒቨርሲቲዎች የኢንጂነሪንግ ተማሪ የሚያስገቡበት መንገድ ይለያያል። ብዙ ቤተሰብ ሳያወዳድር የሚያልፈው ይህንን ነው፤ ለእኔ ግን ከደረጃ ሠንጠረዡ ሁሉ ይበልጣል።

አንዳንዶቹ በቀጥታ ለሜጀሩ ይቀበላሉ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኢሊኖይ ኧርባና ሻምፔይን እንዲህ ነው። ለኮምፒውተር ሳይንስ ያመለከተ ልጅ የሚወዳደረው ከኮምፒውተር ሳይንስ አመልካቾች ጋር ነው። ዩኒቨርሲቲው በቅርብ ዓመታት በጥቅሉ ካመለከቱት 10 ልጆች 4 ያህሉን ሲቀበል፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ከ10 አንድ እንኳ አይሞላም። ጉግል ስታደርጉ የሚመጣላችሁ የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ልጃችሁን የሚመለከተው ሁለተኛው ነው። ጆንስ ሆፕኪንስም ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግን ለብቻ ይመርጣል። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሏት ያንን ሜጀር ያላገኘች ልጅ ሌላ መምረጥ ይኖርባታል።

ሌሎቹ ደግሞ መጀመሪያ ለኢንጂነሪንግ ኮሌጁ ይቀበሉና ሜጀሩን ለኋላ ያቆዩታል። ፐርዱ፣ ቨርጂኒያ ቴክና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በዚህ ይሠራሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉም የጋራ ኮርስ ይወስዳል። ከዚያ ወደየሜጀሩ ይደለደላል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ላይ 3.75 ጂፒኤ ያመጣ ልጅ የመጀመሪያ ምርጫውን በቀጥታ ያገኛል። ከዚያ በታች ያለው ይወዳደራል። 3.75 ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ልጁ ሃይስኩል ውስጥ 4.0 ነበራ! ግን ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ በአንድ ዓመት ሲደራረቡ፣ ከየሃይስኩሉ አንደኛ የወጡ ልጆች አንድ ክፍል ሲቀመጡ፣ ሁለት ቢ ብቻ ከዚያ መስመር በታች ሊጥል ይችላል።

እንደ ኤምአይቲ ያሉት ደግሞ ከገቡ በኋላ ሁሉንም በር ክፍት ያደርጋሉ። ልጁ የፈለገውን ሜጀር ይመርጣል፣ ማንም አይከለክለውም። ከሁሉም የሚመቸው መንገድ ይሄ ነው። ችግሩ ኤምአይቲ ካመለከቱት 100 ልጆች 5 እንኳ አለመቀበሉ ነው።

ለማን የትኛው ይሻላል? ከልጅነቱ ጀምሮ ሰርኪት ሲፈታ ለኖረና ኤሌክትሪካል እንደሚፈልግ ለሚያውቅ ልጅ በቀጥታ ሜጀር የሚሰጠው ይሻላል። ገብቶ ይረጋጋል። ሜካኒካልና ሲቪል መካከል ለሚያመነታ ልጅ እነ ፐርዱ ጥሩ ናቸው፤ አንድ ዓመት አይቶ ይወስናል። ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኤሮስፔስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ልጅ ግን ድልድል ያለበት ቦታ አደጋ አለው፤ ሰው የሚሻማው እነሱን ነውና። «ሌላ ሜጀር ይዞ ይግባና በኋላ ይቀይራል» የሚለውን ምክር ደግሞ አትስሙ። በብዙ ትልልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ ወደ ኢንጂነሪንግ ወይም ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ መቀየር ከመጀመሪያው መግባት ይከብዳል።

ከታች ወደ ላይ መሥራት

ሴፍቲ መጀመሪያ ይመረጣል። መጨረሻ ላይ ሲመረጥ ሁልጊዜ ግዴለሽነት ይገባበታል። ለእኔ አንድ ትምህርት ቤት ሴፍቲ የሚባለው ልጁ የሚፈልገው ሜጀር ኖሮት፣ እዚያ ሜጀር ውስጥ መግባቱ የማያጠራጥር ሲሆን ነው። ቤቱ ያለ ትልቅ ብድር መክፈል መቻል አለበት። ልጁም «እሺ፣ እዚያ ብሄድ ደስ ይለኛል» ማለት አለበት። አንዱ ከጎደለ ስሙ ሴፍቲ አይደለም።

ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ቦታዎችን እናወዳድር። አንዱ በተለምዶ ዩኤምቢሲ የሚባለው የባልቲሞር ካውንቲው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው ባልቲሞር ከተማ ያለው ሞርጋን ስቴት ነው። ዩኤምቢሲ በሳይንስና በኮምፒውተር ጠንካራ ነው። በ1988 የተጀመረው የማየርሆፍ ስኮላርሺፕ ፕሮግራም ብዙ ጥቁር ተማሪዎችን እስከ ዶክትሬት አድርሷል፤ የተመረጠ ልጅ ከገንዘቡ በላይ የሚያገኘው የሚደጋገፉ ጓደኞችንና ቅርብ ክትትልን ነው። ሜካኒካል፣ ኬሚካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ አለው። ሲቪል ግን የለውም። ድልድይና መንገድ መሥራት ለምትፈልግ ልጅ ዩኤምቢሲ ሴፍቲ ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም ሜጀሩ የለም። ሞርጋን ስቴት ሲቪል አለው፣ ኤሌክትሪካልም አለው፣ ኢንዱስትሪያልም አለው። በታሪክ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ከሚባሉት አንዱ ነው። አንዳንድ ወላጅ ስሙን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል፤ ይሄ ያሳዝነኛል። የሲቪል ፕሮግራሙ እውቅና ያለው ነው፣ ተመራቂው እንደማንኛውም ኢንጂነር የፈቃድ ፈተና ይወስዳል።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ጆርጅ ሜሰንንና ሪችመንድ ያለውን ቪሲዩን (ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲን) ተመልከቱ። ሜሰን ከአሌክሳንድሪያም ከአናንዴልም በመኪና የሚደረስበት ነው፤ ልጁ ቤት እያደረ ሊማር ይችላል። የማደሪያና የምግብ ወጪ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ክፍያው ስለሚበልጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዲሲ ነዋሪዎች ደግሞ ዲሲታግ የሚባለውን እርዳታ አትርሱት፤ በሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚማር የዲሲ ልጅ የክፍያውን ልዩነት እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናል።

ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ ሌላ ጨዋታ ውስጥ ናችሁ። በቴክሳስ ሕግ ከክፍሉ ከላይ 10 በመቶ ውስጥ ያለ ልጅ ወደ አብዛኞቹ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ይገባል። ኦስቲን ያለው ዩቲ (ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቴክሳስ) ግን መስመሩ ጠበብ ያለ ነው፤ በ2026 መኸር ለሚገቡት 5 በመቶ ሆኗል። እዚህም ያው ወጥመድ አለ። በቀጥታ መግባቱ ዩኒቨርሲቲውን እንጂ ኢንጂነሪንጉን አያረጋግጥም። ስለዚህ ዩቲ አርሊንግተን ወይም ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሂውስተን ከዝርዝሩ ባይጠፋ ጥሩ ነው።

ታርጌት ማለት የልጁ ውጤት ባለፈው ዓመት ከተቀበሏቸው ልጆች መሃል አካባቢ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ይሄንን በስሜት አትወስኑ። የሃይስኩሉ ካውንስለር ናቪያንስ ወይም ስኮይር በሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ከዚያው ትምህርት ቤት ማን በምን ውጤት የት እንደገባ ሊያሳያችሁ ይችላል። ሁለተኛው መሣሪያ ኮመን ዳታ ሴት የሚባለው ሰነድ ነው። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ያወጡታል። ሲ7 የሚባለውን ሠንጠረዥ ፈልጉ። ውጤት፣ የኮርሱ ክብደት፣ ድርሰት፣ የድጋፍ ደብዳቤ እያለ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚመዝን ምልክት ተደርጎበታል። «ፍላጎት ማሳየት» የሚለው መስመር ላይ «ይታያል» ወይም ከዚያ በላይ ከተባለ ልጁ ኢሜይል ይመዝገብ፣ ኦንላይን ገለጻ ይግባ። «አይታይም» ከተባለ ጊዜውን ለድርሰቱ ያውለው።

ሪች የሚባለው ላይ ብዙ አልልም፤ እሱን የማያውቅ የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከሌላ ስቴት ሆኖ ለታወቀ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማመልከትም ብዙ ጊዜ ሪች ነው። ጆርጂያ ቴክ ከጆርጂያ ልጆች ከ10 ሦስት ያህሉን ይቀበላል። ከውጭ ለሚመጣ ግን ከ10 አንድ ገደማ ነው።

ገንዘቡ

የዋጋ ነገር ላይ ቤተሰቦች በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታሉ። ገቢያቸው ዝቅ ያለው «የግል ዩኒቨርሲቲ ለእኛ አይሆንም» ብለው ይተዉታል። ገቢያቸው ከፍ ያለው ደግሞ «ስኮላርሺፕ ያገኛል» ብለው ይገቡበታል። ብዙ ጊዜ እውነቱ የዚህ ግልባጭ ነው።

ገቢው ዝቅ ያለ ቤት ይኸውላችሁ። አባት ኡበር ይነዳል፣ እናት የነርሲንግ ረዳት ናት፣ በዓመት 85 ሺህ ዶላር ይገባል። ኤምአይቲ ከ2025 መኸር ጀምሮ ገቢያቸው ከ200 ሺህ ዶላር በታች የሆነና የተለመደ ዓይነት ንብረት ያላቸው ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያ እንዳይከፍሉ አድርጓል። ፕሪንስተንም በዚህ ገቢ ሙሉ ወጪ ሊሸፍን ይችላል። እነዚህ ጋ የገባች ልጅ ኮሌጅ ፓርክ ከምትከፍለው ያነሰ ልትከፍል ትችላለች። ሌሎችም አሉ፤ ስማቸው ባይጮህም የተቀበሉትን ልጅ የገንዘብ ፍላጎት እንሞላለን የሚሉና ጥሩ ኢንጂነሪንግ ያላቸው። ላፋየት ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ዩኒየን ኮሌጅ ኒውዮርክ ውስጥ፣ ኬዝ ዌስተርን ክሊቭላንድ ውስጥ። ሐበሻ ቤት ውስጥ እነዚህ ሲነሱ ሰምቼ አላውቅም። ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ግን ከማንም የተሻሉ ታርጌቶች ናቸው። ገቢው ከዚህም ዝቅ ካለ ክዌስትብሪጅ የሚባለውን፣ ገቢያቸው ዝቅ ያለ ጎበዝ ልጆችን ከዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም በሰመር መጀመር ነው፤ ማመልከቻው ሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል።

ሁለተኛው ቤት ሁለቱም ወላጆች ይሠራሉ፣ 210 ሺህ ይገባል፣ የተጠራቀመ ገንዘብ ግን የለም። ቤት ተገዝቷል፣ አገር ቤት ያሉ እናት አባት ይጦራሉ፣ የእህት ልጅ ይማራል። ለዚህ ቤት በፍላጎት ላይ የተመሠረተ እርዳታ ትንሽ ነው፣ የግል ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ወጪ ደግሞ በዓመት ከ85 ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ቤት የሚያዋጣው የስቴቱ ዩኒቨርሲቲና በውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ አላባማ በጂፒኤና በፈተና ውጤት ብቻ ለውጭ ስቴት ልጅ ትልቅ ቅናሽ ይሰጣል፤ ሠንጠረዡ ድረ ገጹ ላይ ስላለ ሳታመለክቱ ማወቅ ትችላላችሁ። የናሳ ማርሻል ማዕከል ባለበት ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ አላባማ ሀንትስቪልም እንዲሁ።

የውጭ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሁለቱም ቤት ከባድ ነው። ፐርዱ ከ2013 ወዲህ ክፍያውን ሳይጨምር መቆየቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ከኢንዲያና ውጭ ለሚመጣ የትምህርት ክፍያው ብቻ ወደ 29 ሺህ ዶላር ነው፣ ኢንጂነሪንግ ተጨማሪ ያስከፍላል፣ ማደሪያና ምግብ ሲጨመር ከ40 ሺህ ያልፋል። የሜሪላንድ ነዋሪ ኮሌጅ ፓርክ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ ወደ 12 ሺህ ነው። ልዩነቱን በ4 ዓመት አባዙት። ፐርዱ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፣ ግን የሜሪላንድ ልጅ ለዚያ ልዩነት የምታገኘው ትርፍ አይታየኝም።

እርዳታው ተቀንሶ ቤታችሁ የሚከፍለውን ግምት ለማወቅ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር አለ። የፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጹ ላይ እንዲያደርገው ያስገድዳል። ያለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ሩብ ሰዓት ይበቃል። የራሳችሁ ንግድ ካላችሁ፣ ሬስቶራንትም ይሁን የነዳጅ ማደያ ወይም የሚከራይ ቤት፣ ካልኩሌተሩ ሊሳሳት ስለሚችል ወደ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ደውሉ። አገር ቤት የምትልኩት ገንዘብ ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል የእርዳታ ማመልከቻ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው ፎርም ላይ ግን ልዩ ሁኔታን የምትገልጹበት ክፍት ቦታ አለ። እዚያ ጻፉት፣ የሐዋላ ደረሰኞቹንም አስቀምጡ። ዩኒቨርሲቲው የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ያልተጻፈ ነገር ግን ጨርሶ አይታይም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅስ?

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባለውን የሁለት ዓመት የአካባቢ ኮሌጅ በተለየ አነሳዋለሁ፣ ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ «ሰው ምን ይላል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ኖቫ መሄድ እንደ ሽንፈት ይታያል። ለኢንጂነሪንግ ግን አንዳንዴ ከሁሉም ብልህ ምርጫ ነው።

በተለይ ከ10ኛ ወይም ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ አሜሪካ ለመጣ ልጅ። አገር ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ጎበዝ ነበር፣ እዚህ ሲመጣ እንግሊዝኛ ክፍል ሁለት ዓመት ፈጀበት፣ ኤፒ የሚባሉትን የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች ለመውሰድ ጊዜ አልነበረውም። ማመልከቻው ላይ አቅሙ አይታይም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ግን ካልኩለስ ላይ ኤ ሲያመጣ ያለፈውን ማንም አይጠይቀውም። የሲልቨር ስፕሪንግና የታኮማ ፓርክ ልጆች ቤታቸው አጠገብ ካምፓስ አላቸው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወደ ኮሌጅ ፓርክ የሚያሸጋግር ኤምታፕ የሚባል ፕሮግራም አለው። ኖቫ ከጆርጅ ሜሰን ጋር አድቫንስ የሚባል አለው፤ የተባለውን ኮርስና ጂፒኤ ካሟላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ ኢንጂነሪንግ መግቢያ የሚያረጋግጥ ስምምነትም አለ።

ጥንቃቄው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ኢንጂነሪንግ በሒሳብ ሰንሰለት የታሰረ ነው። ካልኩለስ 1 ሳያልቅ ካልኩለስ 2 የለም፣ እሱ ሳያልቅ ካልኩለስ 3 እና ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን የለም፣ ፊዚክሱም አብሮ ይጠብቃል። ከፕሪካልኩለስ የጀመረ ልጅ ሁለት ዓመት አይበቃውም፣ ወደ ሦስት ይሄዳል። የዘፈቀደ ኮርስ 60 ክሬዲት ሰብስቦ የሚሻገር ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሲደርስ ገና ጀማሪ ሆኖ ይገኛል። ሜሪላንድ ውስጥ አርትሲስ የሚባል ድረ ገጽ እያንዳንዱ ኮርስ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደምን እንደሚቆጠር ያሳያል። ከመመዝገቡ በፊት ይታይ።

ስሙን ትተን ስንመዝን

ኤቤት የሚባለው ተቋም የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞችን ይመዝናል። እውቅና የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ነው። ሲቪል ለሚማር ልጅ ወሳኝ ነው፤ ፒኢ የሚባለውን የሙያ ፈቃድ ለማግኘት መንገዱን ያቀናል። ለኮምፒውተር ሳይንስ ያን ያህል አያስጨንቅም። ድረ ገጻቸው ላይ የሜጀሩን ስም አስገብታችሁ አረጋግጡ።

ኮኦፕም መታየት ያለበት ነው። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ደመወዝ እየተከፈለው በሙያው ይሠራና ይመለሳል። በ1906 ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሲንሲናቲ ውስጥ የተጀመረ ሥርዓት ነው። ሲንሲናቲና ሮቸስተር ኒውዮርክ ያለው አርአይቲ ኢንጂነሪንግ ላይ ግዴታ ነው፤ ድሬክስልና ኖርዝኢስተርንም በዚህ ይታወቃሉ። አጎት ወይም የቤተሰብ ወዳጅ ኩባንያ ውስጥ ለሌለው ልጅ ትምህርት ቤቱ ራሱ ሥራ ፈላጊ ሆኖ መቆሙ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኛው 5 ዓመት መፍጀቱን ግን አስቡበት።

አንድ ዝርዝር፣ በቅርብ

የምሳሌ ልጅ እንውሰድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ጂፒኤዋ 3.8፣ ኤፒ ካልኩለስ ላይ ቢ፣ ኤስኤቲ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ላይ 1380፣ ከዚያ ውስጥ ሒሳቡ 710። ሜካኒካል ትፈልጋለች። የቤቱ ገቢ ቅድም ያልነው 85 ሺህ ነው።

ሴፍቲዋ ዩኤምቢሲ ነው፤ ሜካኒካል አለው፣ ቤቷም ቅርብ ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ደግሞ ሳይጻፍም አለ። ኮሌጅ ፓርክ ታርጌት ነው፣ ያውም ከፍ ያለ ታርጌት። ለሜካኒካል ካልተቀበሏትና ሌተርስ ኤንድ ሳይንስስ ካሏት ዩኤምቢሲ ሜካኒካል ይሻላታል ብዬ አምናለሁ፤ ይህንን ቤተሰቡ ደብዳቤው ሳይመጣ መነጋገር አለበት። ሌሎቹ ታርጌቶቿ ዩኒየንና ላፋየት ናቸው። ኬዝ ዌስተርን ወደ ሪች ያዘነብላል። ከሪቹ ጆንስ ሆፕኪንስና ፕሪንስተን ይግቡ፤ ከተቀበሏት ገንዘቡ ይቀላል። ሆዋርድም ይግባ፤ ሜካኒካል አለው፣ ለሐበሻ ልጅም ባይተዋር አይደለም። ግን የግል ስለሆነ የእርዳታ ደብዳቤው ሳይታይ ልብ አይጣልበት።

ፐርዱን፣ ጆርጂያ ቴክንና ቨርጂኒያ ቴክን አውጥቻቸዋለሁ፤ ሦስቱም ከሌላ ስቴት ለምትመጣ ልጅ በዚህ ገቢ አይከፈሉም። 8 ቀሩ። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 20 ይፈቅዳል፣ ግን 20 ቦታ «ለምን ኢንጂነሪንግ?» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚጽፍ ልጅ አላየሁም። ከ8 እስከ 10 ይበቃል።

ቀኖቹን በተመለከተ፦ ኮመን አፕ ኦገስት 1 ይከፈታል። ኖቬምበር 1 ለብዙዎቹ የኧርሊ አክሽን፣ ማለትም ግዴታ የሌለበት የቀደመ ማመልከቻ ቀን ነው፤ ኮሌጅ ፓርክን በዚያ ቀን አለማድረስ ራስን መጉዳት ነው፣ አብዛኛውን ተማሪ የሚቀበለው ከዚያ ዙር ነውና። ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ሌላ ነው። ከተቀበሉ መሄድ ግዴታ ነው፣ የሌላውን ዩኒቨርሲቲ ዋጋ ማወዳደርም አይቻልም። ኔት ፕራይስ ካልኩሌተሩ ያወጣውን ቁጥር ያለ ጭንቀት መክፈል ካልቻላችሁ አትፈርሙ።

ኤፕሪል ላይ የእርዳታ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፏቸው። «አዋርድ» ተብሎ ከተደመረው ውስጥ ሎንና ወርክ ስተዲን አውጡ፤ ሎን የምትመልሱት ነው፣ ወርክ ስተዲም ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ነው። ስኮላርሺፑ ለስንት ዓመት እንደሆነና በየዓመቱ ምን ጂፒኤ እንደሚጠይቅ አስምሩበት። 3.5 የሚጠይቅ ስኮላርሺፕ ኢንጂነሪንግ ላይ ከ3.0ው ጋር እኩል አይደለም። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ የሚጨመር ክፍያ ካለም ጠይቁ፤ ኮሌጅ ፓርክ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ያስከፍላል። የወደዳችሁት ቦታ ዋጋው ከሌላው ከበለጠ፣ ሜይ 1 ሳይደርስ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው በትሕትና ጻፉ። የሌላውን ደብዳቤ ኮፒ አያይዙ፣ የተለወጠ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የቀነሰ የሥራ ሰዓት ወይም የሆስፒታል ዕዳ፣ ማስረጃውን ጨምሩ፣ ስንት ዶላር ቢቀነስላችሁ ልጃችሁ እንደምትመዘገብ በቁጥር ንገሯቸው።